ለ2031ዱ የዋርድ ካርታ የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ፦ ረቂቁ ላይ እንወያይ

የረቂቁ አዘጋጅ፦

ጤና ይስጥልን፣ እንደምን ሰነበታችሁ። በሐበሻ ማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ እንደተስማማነው ለዋሽንግተን ዲሲ ካውንስል፣ ማለትም ለከተማው ምክር ቤት የምናቀርበውን ሐሳብ እዚሁ አብረን እንቅረጸው። ዋርድ የምንለው አንድ የካውንስል አባል የሚመረጥበትን የከተማዋን ክፍል ነው። ወሰኑ በየአሥር ዓመቱ ከሚደረገው የሕዝብ ቆጠራ በኋላ እንደገና ይሠመራል። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

በቅድሚያ ብዙዎቻችሁ በስልክ የጠየቃችሁኝን ልመልስ። ካርታው የሚሠራው ከ2030 ቆጠራ በኋላ ከሆነ አሁን ምን አስቸኮለን? ያስቸኮለን ያለፈው ዙር አካሄድ ነው። የ2020 ቆጠራ የዲሲን ሕዝብ 689,545 አደረሰው። ለስምንቱ ዋርዶች ሲካፈል ለአንዱ 86,193 ይደርሰዋል። ሕጉ ከዚህ ቁጥር 5 በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ ማለትን ይፈቅዳል። ስለዚህ ከ81,883 በታች የሆነ ዋርድ ይጨመርለታል፣ ከ90,503 በላይ የሆነ ይቀነስበታል። ዋርድ 6 ከ100 ሺህ አልፎ ነበር። ዋርድ 7 እና 8 ደግሞ ጎድለው ተገኙ። ዋርድ 8 ከአናኮስቲያ ወንዝ ወዲህ ተሻግሮ ኔቪ ያርድ ገባ። ዋርድ 7 ከሂል ኢስት ወሰደ። ሻው ውስጥ በዋርድ 6 ሥር የነበረው ክፍል ወደ ዋርድ 2 ሄደ።

ይህ ሁሉ ያለቀው በጥቂት ወራት ነው። የቆጠራው ዝርዝር በኦገስት 2021 ወጣ፣ ካውንስሉ በዲሴምበር አጸደቀ። የሂል ኢስት ሰዎች ቀድመው ተደራጅተው ስለነበር ቀርበው ተከራከሩ። ስለ ትምህርት ቤት ተናገሩ። የመኪና ማቆሚያ ፈቃድ በዋርድ ስለሚሰጥ ስለ እሱም ተናገሩ። የጠየቁትን ሁሉ አላገኙም፣ ግን ተሰምተዋል። ቆጠራው ሲወጣ መሰብሰብ የጀመረ ማኅበር እዚያ ደረጃ አይደርስም።

በእኔ እምነት ጉልበታችንን ማዋል ያለብን ሁለተኛው ካርታ ላይ ነው። የዋርዶቹ ወሰን ካለቀ በኋላ የኤኤንሲ፣ ማለትም የሰፈር አማካሪ ኮሚሽኖች ወሰን ይሠራል። ባለፈው ዙር ይህ የሆነው በ2022 ነው። የየዋርዱ የካውንስል አባላት ከነዋሪው ግብረ ኃይል ሰየሙ፣ ግብረ ኃይሉ መስመሩን አጠና፣ ካውንስሉ አጸደቀ። አንድ የኤኤንሲ ኮሚሽነር የሚወክለው ወደ 2,000 ሰው ነው። ከ86 ሺህ ሰው መካከል ድምፃችን አይሰማም። ከ2,000 ሰው መካከል ግን ሐበሻ የበዛበት አንድ ሕንፃ ውጤት ይቀይራል።

እስካሁን የያዝኩት ረቂቅ የሚጠይቀው በአማርኛ አስተርጓሚ ያለበት የሕዝብ መድረክ እንዲኖር፣ ሱቆቻችን ያሉባቸው መንገዶች እንዳይከፈሉ፣ ከእኛም ሰው በግብረ ኃይሎቹ እንዲገባ ነው። የጎደለውን ሙሉበት፣ የተሳሳተውን አርሙት።

የምግብ ቤት ባለቤት አባል፦

በግልጽ ልናገር። ይህ ረቂቅ ልመና ይመስላል። 9ኛው ጎዳና፣ ዩ ስትሪት፣ 14ኛው፣ ጆርጂያ አቬኑ እስከ ብራይትዉድ ድረስ፣ ይህን ሁሉ ያቀናነው እኛ ነን። ለምን በአንድ ዋርድ ይጠቃለል አንልም? የሐበሻ ዋርድ ይኑር፣ የራሳችን ሰው ካውንስል ይግባ። የመጠጥ ፈቃዴን ሳድስ የሚሰማኝ አጥቼ ወራት ተንገላትቻለሁ። ደጅ መጥናት ሰልችቶኛል።

የረቂቁ አዘጋጅ፦

ወንድሜ፣ ምሬትህ እውነት ነው፣ ላቃልለው አልፈልግም። ግን ይህን ሐሳብ ብናስገባ በመጀመሪያው ቀን ይወድቃል።

አንደኛ ቁጥሩ አይበቃም። በከተማዋ ወሰን ውስጥ የምናድር ሐበሾች ዋርድ ቀርቶ የዋርድ ሩብ እንኳ አንሞላም። ተበታትነናል። ሁለተኛ ሕጉ አይፈቅድልንም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1993 እና በ1995 በሰጣቸው ውሳኔዎች መሠረት ዘርን ዋና መለኪያ አድርጎ የተሠመረ ወሰን በጣም ጥብቅ ምርመራ ይጠብቀዋል። ካውንስሉ ራሱን ለክስ አያጋልጥም።

የሚሰማው ክርክር ሌላ ነው። «ሐበሻ ስለሆንን አንድ ላይ አድርጉን» ከማለት ይልቅ «በዚህ መንገድ ዳርና ዳር ያለን ነጋዴዎችና ተከራዮች አንድ ዓይነት ችግር አለብን፣ አንድ ተጠሪ ያስፈልገናል» እንበል። የጋራ ጥቅም ያለው ማኅበረሰብ የሚባለው ይህ ነው። ካርታ ሠሪዎች ይህን ቋንቋ ያውቁታል። እስኪ ያንተን ጉዳይ በዝርዝር ንገረን። የኤኤንሲው ወሰን ከደጅህ በየት በኩል ያልፋል?

የምግብ ቤት ባለቤት አባል፦

እሺ፣ ይህን ልመልስ። መስመሩ በመንገዱ መሀል ነው የሚያልፈው። የእኔ በር በአንዱ ኮሚሽነር ሥር ነው። ስለ ሙዚቃው አቤት ያሉት ጎረቤቶች ማዶ ናቸው፣ በሌላ ኮሚሽነር ሥር። የእኔዋ ኮሚሽነር «እኔ ቅሬታ አልደረሰኝም» ትላለች። የእነሱ ደግሞ እኔን አያውቀኝም። አንድ ጠረጴዛ ላይ ብንቀመጥ በአንድ ምሽት የሚያልቅ ነገር ነበር። ከእኔ ሌላ ሦስት ባለቤቶች ይህንኑ ይነግሯችኋል፣ ስማቸውን በግል እልካለሁ።

የረቂቁ አዘጋጅ፦

ይኸው! ረቂቁ ያጣው ይህን ነው። መስመር የሚሠሩ ሰዎች ዋና መንገድ ላይ መስመር መጎተት ይወዳሉ፣ ለማየት ይቀላልና። ለነዋሪው ሰፈር ያ ችግር የለውም። ለነጋዴ ግን ደንበኛው፣ ጎረቤቱና ቅሬታ አቅራቢው ፊት ለፊቱ ነው ያሉት። መስመሩ በዋናው መንገድ ሳይሆን ከኋላ ባለው ጠባብ መንገድ ይለፍ እንላለን። አንድ አንቀጽ በዚህ ላይ ብቻ እጽፋለሁ።

ለማታውቁት ልጨምር። ኤኤንሲ ደሞዝ የለውም፣ በራሱ ፈቃድ አይሰጥም፣ አይከለክልም። ነገር ግን በመጠጥ ፈቃድ፣ በግንባታ፣ በእግረኛ መንገድ ላይ ወንበር በማውጣት ጉዳይ ሐሳቡን በጽሑፍ ከሰጠ የከተማው መሥሪያ ቤት ትልቅ ክብደት እንዲሰጠው ሕግ ያስገድዳል። ሐሳቡን ካልተቀበለም ለምን እንዳልተቀበለ ማስረዳት አለበት። ለአንድ ትንሽ ምግብ ቤት ይህ የመክፈትና የመዝጋት ጉዳይ ነው።

ከመሥራቾቹ አንዱ፣ አዛውንት አባል፦

ልጆቼ፣ ጥሩ ይዛችኋል። አንድ ነገር ግን ላሳስብ። እኛ በ1980ዎቹ ስንመጣ ምግብ ቤቶቻችን አዳምስ ሞርጋን 18ኛው ጎዳና ላይ ነበሩ። እዚያ ኪራይ ሲወደድ ወደ ዩ ስትሪትና 9ኛው ወረዱ። እዚያም ሲወደድ ሰዉ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ወጣ። ስለ ሱቅ ብቻ ጽፋችሁ ስለ ቤት ካልጻፋችሁ፣ በ2031 ሱቁ አለ፣ ሰዉ የለም። ካርታ የሚሠራው በሚያድረው ሰው ቁጥር ነው። እሑድ እሑድ ከሜሪላንድ መጥቶ ክትፎ የሚበላው አይቆጠርም።

የቀሩት ተከራዮች ያሉባቸውን ሕንፃዎች በስም ዘርዝሩ። ሕንፃው ሲሸጥ ተከራዮች ተደራጅተው የመግዛት ዕድል የሚሰጣቸው ሕግ በዲሲ አለ። ለዚያ ስብሰባ ሁሉም በአንድ ኮሚሽነር ሥር ቢሆኑ ይጠቀማሉ። የተከራይ ማኅበርና የሰፈር ኮሚሽነር አብረው ሲሠሩ ያየሁት ብዙ ነው። ሰው በቤቱ የሚቆየው እንዲህ ነው።

የረቂቁ አዘጋጅ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ይገባል። እንዲያውም ከሱቁ በፊት አስቀድመዋለሁ።

አንዲት እናት፣ ከብራይትዉድ፦

ይቅርታ፣ እኔ ስለ ካርታው ብዙ አላውቅም። ግን ሁላችሁም ስለ መቆጠር ታወራላችሁ። እኛ ቤት ምድር ቤቱን የተከራዩ አራት ልጆች አሉ። ባለፈው ቆጠራ ጊዜ ባለቤቴ የጻፈው የቤተሰባችንን ስም ብቻ ነው። ልጆቹ ራሳቸው አትጻፉን ብለው ነው። ሁለቱ ጉዳያቸው ገና በፍርድ ቤት ነበር። አሁን ደግሞ ዜጋ ያልሆነም መምረጥ ይችላል ይባላል። እኔ ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። ልመዝገብ ወይስ ይቅርብኝ? በዚህ ዘመን ሰው ይፈራል።

የሕግ ባለሙያ አባል፦

እህቴ፣ ጥሩ አድርገሽ ጠየቅሽ። ሁለቱን ለይተን እንያቸው፣ አንድ አይደሉም።

መቆጠር ለሁሉም ነው። ዜጋ፣ ግሪን ካርድ ያለው፣ ጥገኝነት የጠየቀ፣ ምንም ወረቀት የሌለው፣ የተወለደ ሕፃን፣ ሁሉም ይቆጠራል። በሕጉ መሠረት የቆጠራ መልስ ለስደት መሥሪያ ቤትም ለፖሊስም ተላልፎ አይሰጥም። አሳልፎ የሰጠ የቆጠራ ሠራተኛ እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 250,000 ዶላር ቅጣት አለበት። ምድር ቤት ያሉት አራቱ ልጆች ካልተቆጠሩ ያ ሰፈር ለአሥር ዓመት አራት ሰው ጎደለው ማለት ነው። በየምድር ቤቱ ስንት እንደዚህ ያለ አለ?

አንድ ነገር ልጨምር። በ2020 ቅጽ ላይ ጥቁር ወይም አፍሪካን አሜሪካን የሚለው ሳጥን ሥር ባዶ መስመር ነበር። ከምሳሌዎቹ አንዱ «ኢትዮጵያዊ» የሚል ነው። ሳጥኑን ምልክት አድርጎ መስመሩን ባዶ የተወ ሰው በኢትዮጵያዊነት አልተመዘገበም። በማርች 2024 የፌዴራል መንግሥት ያወጣው አዲስ መመሪያ ደግሞ ኢትዮጵያዊ የሚለው ራሱን የቻለ ሳጥን ሆኖ እንዲቀርብ ያመለክታል። ይህ ከጸና ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ለካውንስሉ «እዚህ አለን» የምንለው በዚህ ቁጥር ነው።

መምረጥ ግን ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የዲሲ ካውንስል በ2022 ባወጣው ሕግ ለ30 ቀን በከተማዋ የኖረ ዜጋ ያልሆነ ሰው ለከንቲባ፣ ለካውንስልና ለኤኤንሲ መምረጥ ይችላል። መጀመሪያ የተሠራበት በ2024 ምርጫ ነው። ለፕሬዚዳንት ወይም ለኮንግረስ ተወካይ መምረጥ አይችልም። መመዝገቢያ ቅጹም የተለየ ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ ውስጥ ሕጉን ለመሻር ደጋግመው ሞክረዋል። የዜግነት ማመልከቻው ደግሞ ለምርጫ ተመዝግበህ ወይም መርጠህ ታውቃለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። በስህተት የዜጎቹን ቅጽ ሞልቶ የፈረመ ሰው ዜጋ ነኝ ብሎ በሐሰት እንደተናገረ ይቆጠራል። ከዚያ መውጣት ከባድ ነው። ስለዚህ ማኅበራችን «ሁላችሁም ተመዝገቡ» ብሎ በጅምላ እንዳይቀሰቅስ አጥብቄ እለምናለሁ። እያንዳንዱ ሰው መጀመሪያ የስደት ጠበቃውን ያናግር። አንቺም እንደዚያው፣ እህቴ። ሳትመርጪም መድረክ ላይ ቆመሽ ምስክርነት መስጠት ትችያለሽ። ለዚያ ዜግነት የሚጠይቅሽ የለም።

አንዲት እናት፣ ከብራይትዉድ፦

አመሰግናለሁ። ቆጠራውን ለልጆቹ እነግራቸዋለሁ። ምስክርነቱ በአማርኛ ከሆነ እኔም እናገራለሁ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ የሚሳተፍ አባል፦

እኛ ማዶ ያለነውስ? ግማሹ አባል ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ነው። ፊርማችን ይቆጠራል ወይ? ሞንትጎመሪ ካውንቲም እኮ ካርታውን ቀይሯል። በ2020 በሕዝብ ድምፅ ካውንስሉ ከ9 ወደ 11 መቀመጫ አደገ፣ ሰባቱ በዲስትሪክት የሚመረጡ ናቸው። ታኮማ ፓርክ ደግሞ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪ በከተማው ምርጫ እንዲመርጥ ከፈቀደ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። እዚያም ሥራ አለ።

የረቂቁ አዘጋጅ፦

ትክክል ነው፣ ግን አንድ ሰነድ ሁለት ቦታ አይሠራም። ለሞንትጎመሪ የራሱ ሰነድ ይዘጋጅ፣ አንተ ብታስተባብረው ደስ ይለኛል።

የዲሲውን በተመለከተ አቋሜ ጥብቅ ነው። ዲሲ የማያድር ሰው እንደ ነዋሪ አይፈርም። አንድ የሐሰት አድራሻ ከተገኘ ሰነዱ በሙሉ ዋጋ ያጣል። ዲሲ ውስጥ ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ያለው ግን በንግድ ባለቤትነት፣ ከነሱቁ አድራሻ ይፈርማል። ሁለት የፊርማ ገጽ ይኖራል።

ከወጣቶች ክፍል፦

ካርታውን እኛ እንሥራው። ዴቭስ ሪዲስትሪክቲንግ የሚባል ነጻ ድረ ገጽ አለ፣ የቆጠራውን ቁጥር ከነካርታው ይሰጣል። ትናንት ማታ ሞክረነዋል። አንድ የተማርነው ነገር አለ። ሕዝቡ የሚታየው በቆጠራ ብሎክ፣ ማለትም ቆጠራው ከተማዋን በከፋፈለባቸው ትንንሽ ቦታዎች ነው። ብሎኩን መክፈል ከባድ ነው፣ በውስጡ ማን የት እንዳለ ቁጥር የለምና። ስለዚህ «ጆርጂያ አቬኑ አካባቢ» ብለን መጻፍ አይረዳም። ብሎኮቹን በቁጥራቸው ልንዘረዝር ይገባል። 2,000 ሰው አካባቢ እስኪሞላ ብሎክ እየጨመርን፣ ጋሼ ያሏቸውን ሕንፃዎችና የነጋዴዎቹን መንገድ አንድ ላይ የያዘ ካርታ እንሠራለን።

ሌላው ቋንቋው ነው። የምርጫ ወረቀት በአማርኛ ለምን አንጠይቅም?

የሕግ ባለሙያ አባል፦

ጥያቄው ጥሩ ነው። የፌዴራሉ የምርጫ ሕግ የድምፅ መስጫ በሌላ ቋንቋ እንዲቀርብ የሚያስገድደው ለስፓኒሽ፣ ለእስያና ለአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ቋንቋዎች ብቻ ነው። አማርኛ በዚያ ውስጥ የለም። የዲሲ የ2004 የቋንቋ ሕግ ግን አለልን። አንድ መሥሪያ ቤት ከሚያገለግለው ሕዝብ 3 በመቶ ወይም 500 ሰው፣ ከሁለቱ ያነሰው፣ አንድ ቋንቋ የሚናገር ከሆነ ዋና ዋና ሰነዶቹን መተርጎም አለበት። አማርኛ ከተካተቱት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ስለዚህ ጥያቄያችን በዲሲው ሕግ ላይ ይቁም፦ የካርታው ማብራሪያ፣ የመድረኩ ማስታወቂያ፣ የምስክርነት ቅጹ በአማርኛ ይውጣ። ይህ በጣም የሚቻል ነገር ነው።

ገንዘብ ያዥ፦

ሁላችሁም የረሳችሁት አንድ ነገር አለ። ትናንት ሁለት አባላት ደውለው ለኤኤንሲ እንወዳደራለን፣ ማኅበሩ ይደግፈን አሉኝ። በጣም ደስ ብሎኛል። ግን ማኅበራችን ከግብር ነጻ የሆነ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ለዕጩ ድጋፍ መስጠትም መቃወምም ክልክል ነው። በቡድን መልእክታችን ላይ «እገሌን ምረጡ» የሚል ጽሑፍ እንኳ እንዳይወጣ። ስለ ካርታ ሐሳብ ማቅረብ፣ ሰው ስለ ቆጠራ ማስተማር፣ እንዴት ዕጩ እንደሚኮን ለሁሉም እኩል ማሳየት ይቻላል።

የረቂቁ አዘጋጅ፦

ልክ ነሽ። ስለዚህ በሰነዱ ውስጥ የማንም ስም አይገባም። ሁለቱም ግን በግላቸው ቢወዳደሩ በጣም እመኛለሁ። ለኤኤንሲ ዕጩ ለመሆን በዚያው ትንሽ ክልል ከሚኖሩ የተመዘገቡ መራጮች 25 ትክክለኛ ፊርማ ይበቃል። ፊርማው የሚገባው በኦገስት ነው፣ ምርጫው በየሁለት ዓመቱ ኖቬምበር። ፓርቲ የለበትም። በ2026፣ በ2028 እና በ2030 የተመረጠ ሰው ካርታው ሲሠራ የሰፈሩን ነገር ጠንቅቆ ያውቃል። ግብረ ኃይል የሚሰይሙትም መጀመሪያ የሚያስታውሱት ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ የሚያዩትን ሰው ነው። ሐሳባችንን አስገብተን ስብሰባ ካልሄድን ወረቀቱ ብቻውን አይሠራም።

ከሁላችሁ የሰበሰብኩትን ይዤ ዋናውን አንቀጽ እንደዚህ አስተካክያለሁ፦

«እኛ ከዚህ በታች የፈረምን የዲሲ ነዋሪዎችና የንግድ ባለቤቶች፣ ከ2030 ቆጠራ በኋላ በሚደረገው የኤኤንሲ ወሰን ማሻሻያ፣ በአባሪው በስም የተዘረዘሩት የተከራይ ሕንፃዎች ሳይከፈሉ በአንድ ኮሚሽነር ሥር እንዲቀመጡ እንጠይቃለን። በአባሪው በብሎክ ቁጥር በተመለከቱት የንግድ መንገዶች ላይ ወሰኑ በመንገዱ መሀል ሳይሆን ከሕንፃዎቹ ጀርባ እንዲያልፍ እንጠይቃለን። የዋርድ 1 እና የዋርድ 4 ግብረ ኃይሎች ሲሰየሙ ተከራይና አነስተኛ ነጋዴ እንዲካተት፣ ቢያንስ አንድ መድረክ ሥራ ላይ ያለ ሰው በሚመቸው ሰዓት፣ ከአማርኛና ከስፓኒሽ አስተርጓሚ ጋር እንዲካሄድ፣ ካርታውና ማብራሪያው ከመድረኩ ሁለት ሳምንት በፊት በእነዚህ ቋንቋዎች እንዲወጣ እንጠይቃለን።»

ስፓኒሽን የጨመርኩት አስቤበት ነው። ኮሎምቢያ ሃይትስ ባሉት ሕንፃዎች ጎረቤቶቻችን ላቲኖዎች ናቸው፣ የኪራዩ ችግር አንድ ነው። የተከራይ ስብሰባ ላይ ጎን ለጎን ነው የምንቀመጠው። ብቻችንን ከምናቀርበው አብረን ብናቀርበው ሚዛን ይደፋል ብዬ አምናለሁ። የማይስማማ ካለ ይናገር።

የምግብ ቤት ባለቤት አባል፦

እኔ ቅድም የተቃወምኩት ነኝ። አሁን እፈርማለሁ። የወጥ ቤት ሠራተኞቼ ግማሾቹ ሳልቫዶራውያን ናቸው፣ ከሕንፃቸው ተጠሪ ጋር ላገናኛችሁ እችላለሁ።

አዛውንት አባል፦

አብሮ መፈረሙ መልካም ነው። ግን አባሪው የሁለታችንም ሕንፃዎች ይኑሩት። የእኛን ብቻ ዘርዝረን ፊርማ ብንጠይቃቸው ነውር ነው።

የረቂቁ አዘጋጅ፦

ጋሼ ያሉት ተመዝግቧል። እንግዲህ ሥራውን እንከፋፈል። ወጣቶቹ ካርታውን ይሥሩ፣ መጀመሪያ ከብራይትዉድና ከኮሎምቢያ ሃይትስ ይጀምሩ። የሕንፃ ስሞቹን ጋሼና እህታችን ከብራይትዉድ ይሰብስቡ፣ ከላቲኖ ጎረቤቶች ዘንድ ያለውን ምግብ ቤት ያለው ወንድማችን ያገናኘን። የሕግ ባለሙያችን የቋንቋውን አንቀጽ ይመልከትልን፣ ስለ ቆጠራና ስለ ምርጫ የጻፈውንም ለየብቻ አንዳንድ ገጽ ያድርግልን፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ እንበትነዋለን። ገንዘብ ያዥዋ ከመላኩ በፊት ሰነዱን በግብር ሕጉ ዓይን ታንብብልን።

ድምፅ ያልሰጠንበት አንድ ነገር ቀርቷል። ሰነዱን አሁን ላሉት የካውንስል አባላት እንላክ ወይስ ከኖቬምበሩ ምርጫ በኋላ? እኔ አሁን ይላክ፣ ከምርጫው በኋላም ለተመረጡት በድጋሚ ይላክ እላለሁ። በዋርድ 4 እና በዋርድ 1 የምትኖሩ የማኅበራችን አባላት፣ እናንተ ቅድሚያ መልሱልኝ።